የረዳቱ መቆሚያ

«ማሽኑ ፊት ተቀምጬ እጄ ከተንቀጠቀጠ አልሄድም፤ ከአሁኑ እወቀው» አለችኝ እህቴ ራህማ።

ባጃጅ ውስጥ ነን። ሰኔ ነው። ቆቦን በሰኔ የማያውቃት ሰው ስለ ሙቀት ባያወራ ይሻለዋል፤ ገና በጠዋቱ የባጃጁ ወንበር ከሱሪ ጋር ይጣበቃል። ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን እንዲቀንስልን ነገርኩትና ወደ እሷ ዞርኩ።

«የት ነው የማትሄጂው?»

«ፈተናው ነዋ። ሌላ የት ልሄድ ነበር?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ሮቢት ያለ አንድ ደላላ አብረዋት ከተማሩት ልጆች ጥቂቶቹን ወደ ዐረብ አገር ልኳል፤ ለራህማም «አንቺ እሺ በይ እንጂ ሌላው ቀላል ነው» ብሏታል። እናታችን ይህን አታውቅም። አባታችን በሬ ነጋዴ ነው፤ ከቆቦ ጎብዬ፣ ከጎብዬ ሮቢት ሲዞር «ልጄ ሐኪም ትሆናለች» ብሎ ያልነገረው ሰው የለም። ራህማ ሰነፍ ሆና አይደለም። ያስፈራት ትምህርቱ ሳይሆን የዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው መባሉ ነው። በሕይወቷ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። «እስክሪብቶን አውቀዋለሁ፤ ቢተፋም ቢደርቅም ጠባዩን አውቀዋለሁ። ማሽን ግን ተሳስቼ አንድ ቦታ ብነካው ስንት ዓመት የተማርኩትን ሁሉ ይውጥብኛል» ትላለች። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ፈተናው ወደሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ ይጓዛሉ። በመሃል ያለችው ይቺ ቅዳሜ ብቻ ናት፤ ቅዳሜዋ ደግሞ በእኔና በጓደኛዬ በኪሮስ እጅ ነበረች።

ያኔ እኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ማንም ያልሾመኝ ገጣሚ ነበርኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ በኪሮስ የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ እውላለሁ። የኪሮስ ቤተሰቦች ከአላማጣ በኩል የመጡ ናቸው፤ እጁ የተባረከ፣ ምላሱ የተሳለ ልጅ ነው። እሱ ስልክ ሲፈታ እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ደንበኛ ስልኩ እስኪሠራለት ሲጠብቅ አነብለታለሁ። «ጀማል፣ አንተ ከመጣህ ወዲህ ሰዎች ስልካቸውን መጠንቀቅ ጀምረዋል» ይለኝ ነበር።

ባዶ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም ነበር። ባዶ ሰዓት ካለኝ አዲስ ዕቅድ አወጣለሁ፤ አንድ ሰሞን አዲስ አበባ፣ አንድ ሰሞን ጅቡቲ፣ ሌላ ሰሞን ደግሞ የአፋር ግመል ነጋዴዎችን ተከትዬ ቆላ ለቆላ። ባዶ ወረቀት ካገኘሁ እስከ አፍ ገደፉ እሞላዋለሁ፤ ግጥሞቼ ዳርና ዳር የላቸውም፤ ስንኙ ሲያልቅ ወረቀቱን አዙሬ በጎን እጽፋለሁ። ኪሮስ አንዱን ግጥሜን አይቶ «ይኼ ግጥም ነው ወይስ የገበያ ቀን?» ብሎኝ ነበር። ተቀይሜው ነበር።

ወደ ኮምፒውተሩ ነገር ያስገባን የኪሮስ አፍ ነው። መምህርት አስካለ፣ ተማሪዎቹ «ቲቸር» የሚሏት፣ ቀጭን ግን ድምጿ አዳራሽ የሚሞላ ሴት፣ የተሰነጠቀ ስልክ ልታሠራ መጥታ «እናንተ ልጆች ኮምፒውተርስ ትችላላችሁ?» አለች። እኔ «ኧረ አንችልም» ለማለት አፌን ስከፍት ኪሮስ «እንዴታ!» አላት። የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ውስጥ አቧራ የጠጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ ተፈታኞቹ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቅዳሜ እንዲለማመዱባቸው ፈልጋለች። ከኢንተርኔት እያነበብን፣ እየተሳሳትን፣ እየተሳደብን በየማሽኑ ላይ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ የሚባል ማሽን ማንቀሳቀሻ ፕሮግራም ጫንን። ከሁሉም የሚሻለውን አንዱን «እናቲቱ» አልነው፤ የመለማመጃ ጥያቄዎቹ በሙሉ እሷ ላይ ናቸው፤ ሌሎቹ በገመድ ከእሷ እየጠቡ ለተማሪው ያሳያሉ።

ዓርብ ከሰዓት ስንሞክራት እናቲቱ ሠራች፤ ግን ትእዛዝ የምንጽፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መልእክት ጣል ታደርግ ጀመር። ሲተረጎም «ቦታ ፈልጌ አጣሁ» እንደማለት ነው። ወዲያው የአጎታችን ልጅ ሸምሱ ጋ ደወልኩ። ሸምሱ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ፣ በልጅነቱ ግን ከአባቱ ጋር በሬ ሲነዳ ያደገ የቆቦ ልጅ ነው።

«ራሙ አንሶ ነው?» አልኩት። ራም ማለት ማሽኑ የያዘውን ሥራ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው።

«አንሶም ቢሆን ይበቃችኋል። ጉዳዩ መጠባበቂያው ነው።»

«የምን መጠባበቂያ?»

«ስማ ጀማል፤ ከሁሉም ፕሮግራም ሥር ሆኖ ራሙን የሚያከፋፍል አለ፤ ከርነል ይባላል። የሮቢት ሚኒባስ በገበያ ቀን እንዴት እንደሚሞላ ታውቃለህ አይደል?»

«እንዴት አላውቅ!»

«ረዳቱ የት ነው የሚቆመው?»

«በሩ ጋ። በአንድ እግሩ።»

«እዚያች ቦታ ላይ ሰው ብትጭንባትስ?»

አሰብኩት። «ረዳቱ በሩን መክፈት አይችልም።»

«በሩ ካልተከፈተ ደግሞ ማንም አይወርድም። ማንም ካልወረደ ማንም አይገባም። አበቃ፤ መኪናው ቆሞ ይቀራል። ከርነሉም እንደዚያው ነው። ራሙ ሲሞላ የማይፈለገውን እያወረደ ቦታ የሚያስለቅቀው እሱ ነው፤ ለማስለቀቅ ግን እሱም መቆሚያ ይፈልጋል። ለዚህ ብሎ ማንም ፕሮግራም የማይነካት ትንሽ ባዶ ቦታ ይይዛል። ልጆቹ በአንዴ ሲመጡባችሁ እሷ እንዳትጠብበት ሰፋ አድርጉለት።»

«በስንት?»

ከስልኩ ወዲያ ሰው ሲጠራው ሰማሁ። «መጣሁ!» አለና ወደ እኔ ተመልሶ «ስልሳ አራት አድርገው። ስልሳ አራት ይበቃል። አብሽር፣ ቻው!» ብሎ ዘጋው።

ማስተካከያው የሚጻፍበትን ቦታ ኪሮስ ፈልጎ አገኘው። የነበረው ቁጥር ስንት እንደሆነ እንኳ ሳናይ ስልሳ አራት ብለን ጻፍን፤ አጥፍተን አስነሳናት። በጥቂት ማሽኖች ሞከርናት። እንደ ቅቤ ሆነች! መልእክቱም ጠፋ። ኪሮስ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አጆኻ፣ አይዞህ! ነገ ዘፈን ነው» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና ያ ባዶ ቦታ ነገር ሆዴ ውስጥ አልገባም ነበር። ድሃ ማሽን ነው፤ ያለችውን ትንሽ ራም ደግሞ ለይቶ ባዶ ያስቀምጣል! ለእኔ ይህ ብክነት ነው። ስልሳ አራትም ቢሆን በዝቶበታል ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዲህ ከራህማ ጋር በባጃጅ ደረስን። ተማሪዎቹ ከሮቢትም ከጎብዬም መጥተው በሩ ጋ ተኮልኩለዋል። መብራት እስከ እኩለ ቀን ነው የሚቆየው ተብሏል። ክፍሉ ውስጥ መስኮቶቹ ቢከፈቱም የሚገባው ንፋስ ሳይሆን የአስፋልቱ ጥሩምባ ነው።

መምህርት አስካለ ማውስ እንዴት እንደሚያዝ አሳየች። ማየት ነበረባችሁ። አንዷ ልጅ እንደ ጫጩት በሁለት እጇ አቀፈችው። አንድ የጎብዬ ልጅ ከጠረጴዛው አንስቶ አየር ላይ እያወዛወዘ «ቲቸር፣ የኔው ቀስት አልሄድ አለኝ!» አለ።

«አውርደው አንተ! ውኃ አይደለም የምትረጨው!»

ክፍሉ ሳቀ። ራህማ አልሳቀችም። ጥግ ላይ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀምጣለች፤ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታለች። አየኋት፤ አየችኝ፤ ፊቷን አዞረች።

«እሺ፤ ሁላችሁም አረንጓዴዋን ‹ጀምር› የምትለዋን ተጫኑ!»

ኪሮስ አማተበ። እኔ «ቢስሚላህ» አልኩ። ሁሉም ተጫኑ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎም ምንም አልሆነም። በየስክሪኑ ላይ ያቺ ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ወደ እናቲቱ ሮጥኩ። ቀስቷ መሃል ላይ ቆማለች። ቁልፍ ብነካ፣ ብጫን፣ ብለምን እሷ ቀጥ ብላለች። ማሽን ሲሞት ቢያንስ የሚያቃስት ይመስለኝ ነበር። ዝም ነው የሚለው።

«ማሽኑም ፈተና ይፈራል እንዴ?» አለ ያ የጎብዬ ልጅ።

አጥፍተን አስነሳናት። «ገመድ ነው» አለ ኪሮስ፤ ገመዱን ሁሉ ነቃቅሎ ሰካ። እንደገና «ተጫኑ!» ተባለ። እንደገና ዝም።

ሸምሱ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጭራሽ ተዘጋ። በሦስተኛው ሙከራ ግማሹን ክፍል ብቻ አስጀመርን፤ ሠራ! ክፍሉ አጨበጨበ፤ ኪሮስ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። የቀሩት ልጆች መቀላቀል ሲጀምሩ ግን የመጀመሪያዎቹ ጥያቄ እያነበቡ ባሉበት ሁሉም ስክሪን በአንዴ ቀጥ አለ። አንዷ ልጅ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» ብላ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ይህን ስትል ራህማ የት እንደምታይ ለማየት ፈራሁ።

«አንቺ አይደለሽም የኔ ልጅ» አለቻት መምህርት አስካለ፤ ከዚያ ወደ እኛ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጆች፣ ልጆቹን ሳላስፈራ ልመልሳቸው ወይስ ተስፋ አለ?» አለች። ድምጿን ዝቅ ስታደርግ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ትንሽ ጊዜ ስጪን፣ ቲቸር» አልኳት።

«መብራቱ ይሰጣችሁ እንደሆነ እንጂ እኔማ ሰጥቻችኋለሁ።»

ላቤ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። እናቲቱን እንደገና አስነሳን። ያሉኝን ሐሳቦች ሁሉ ጨርሻለሁ። ኪሮስ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ገመድ ይቆጥራል፤ ሌላ የሚሠራው ስላጣ ነው። በዚህ መሃል ከኋላዬ የሰው ጥላ ቆመ።

ራህማ ናት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አንግታለች።

«ጀማል፤ ልሂድ።»

«ቆይ እንጂ!»

«አትቀየመኝ። አየኸው አይደል? እናንተ የምትችሉት ሰዎች እንኳ ልታዙት አልቻላችሁም። እኔ እዚያ ብቻዬን ስሆን ምን ልሆን ነው? ለእማማ አንተ ንገራት።»

«ምን ብዬ?»

ዐይኗ ከፊቴ ሸሽቶ እናቲቱ ላይ ዐረፈ፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ያ የጻፍነው መስመር ተከፍቶ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መጠባበቂያው። ለከርነሉ፣ ለማሽኑ አስኳል፣ የሚተው ባዶ ቦታ።» የሚኒባሱን ነገር ባጭሩ ነገርኳት። ጊዜ ለመግዛት ነው እንጂ ያስፈልጋታል ብዬ አይደለም።

«ስልሳ አራት ምን?»

«እ?»

«ስልሳ አራት ምን? ቁጥር ብቻውን ምንድን ነው?»

ኪሮስ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ «ኪሎ!» አለ። «ኪሎባይት ነው መለኪያው።»

«ኪሎ?» አለች ራህማ። «ለዚህ ሁሉ ሰው ስልሳ አራት ኪሎ? ለሰርግ ሽንኩርት እንኳ አይበቃም! የማሽኑ ጠቅላላ ስንት ነው?»

ኪሮስ ራሱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጭቶ ብቅ አለና ነገራት። በኪሎ ሲመነዘር ሚሊዮን የሚባል ቁጥር ነው። ራህማ ግንባሯን ቋጠረች። ሒሳብ ስትሠራ እንደዚያ ናት።

«ማነው ስልሳ አራት ያላችሁ?»

«ሸምሱ።»

«የኛው ሸምሱ?»

«የኛው።»

«በእነዚህ ቃላት? ‹ስልሳ አራት አድርገው› ብሎ?»

«አዎ። ‹ስልሳ አራት ይበቃል› አለ።»

ራህማ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችው። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ንዴት አላወቅኩም።

«ጀማል፤ ባለፈው ገበያ አባባ ያን ቀዩን በሬ በስንት ሸጠው?»

«ምን አገናኘው?»

«በስንት ሸጠው?!»

«በሰባ ሁለት።»

«ሰባ ሁለት ብር?»

የእናቲቱን ስክሪን እንደገና አየሁት።

የቆቦን የከብት ገበያ ለማታውቁ ላስረዳ። እኛ ገበያ ላይ «ሺህ» የምትባለዋን ቃል የሚጠራት የለም። በሬው «ሰባ» ይባላል፣ «ስልሳ አምስት» ይባላል፣ እጅ በእጅ ይመታል፣ ያበቃል። ሺህዋ በአየር ላይ ናት፤ ሁሉም ያውቃታል። የሚጠራት ሰው ቢመጣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ሊያስቀን ፈልጎ ነው። ሸምሱ አዲስ አበባ ካሉት የሥራ ጓደኞቹ ጋር ቢሆን «ስልሳ አራት ሺህ» ይል ነበር። ከእኔ ጋር ሲያወራ ግን የአባቱ አፍ መጣበት። እኔም የበሬ ነጋዴ ልጅ ሆኜ፣ በሬ ቢሆን ኖሮ በደቂቃ የሚገባኝን፣ ማሽን ስለሆነ ብቻ ቃል በቃል ጻፍኩት። ማሽኑ ደግሞ ገበያ ወጥቶ አያውቅም።

«ስልሳ አራት ሺህ!» ብዬ ጮህኩ።

«ወይ ጉድ!» አለ ኪሮስ። «ረዳቱን ጣት የምታህል ቦታ ላይ ነው ያቆምነው!»

ለዚያ ነው ልጆቹ ጥቂት ሲሆኑ የሠራችው፤ ማንም አላጨናነቃትም። ሁሉም በአንዴ ሲመጡባት ግን ከርነሉ ቦታ ለማስለቀቅ ይነሳና የሚያስለቅቅበት መቆሚያ ያጣል። ቀጥ ያለችው ደክሟት ሳይሆን መተንፈሻ አጥታ ነው።

ክፍሉ በሙሉ ምን እንደሆነ ሳያውቅ እኛን አይቶ መሳቅ ጀመረ። ኪሮስ ቁልፎቹን ከእጄ ነጥቆ እየሳቀ ጻፈ፤ ሳቁ ግን ጣቱን አሳተው። እናቲቱ አንዴ ብልጭ አለችና መስኮቶቿን አንድ በአንድ ትዘጋ ጀመር። የጥያቄው ፕሮግራም ጠፋ። ሌላውም ጠፋ።

«ምን አደረግክ?»

«ምንም! ስልሳ አራት ሺህ ነው ያልኩት!»

ራህማ በትከሻችን መሃል ራሷን አስገብታ ቁጥሩን በጣቷ ቆጠረች። ስክሪኑን በጣቷ ነክታ! «ዜሮ አብዝተሃል። ይኼ ስድስት መቶ አርባ ሺህ ነው፤ አንድ በሬ በዚህ የሚገዛህ ካለ አባባ ጋ ላከው።»

መምህርት አስካለ ነገሩን ለካ ከኋላ ሆና ስታዳምጥ ነበር። «አሁን ደግሞ ሚኒባሱን በሙሉ ለረዳቱ ሰጥታችሁ ተሳፋሪውን አወረዳችሁት ማለት ነው?»

እንዲያ ነው። መጠባበቂያው ሲያንስ ማሽኑ ይታነቃል፤ ሲበዛ ደግሞ ከርነሉ ቦታዬን ላስከብር ብሎ ያገኘውን ፕሮግራም ሁሉ እየገደለ ያስወጣል። ከትናንት ጀምሮ ሳወጣ ሳወርደው ያልገባኝን አስካለ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው። አጥፍተን አስነሳናት። በዚህ ጊዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ራህማ ከጎኔ ቆማ እያንዳንዷን ዜሮ ጮክ ብላ ጠራች።

«ቦታሽ ግቢ» አልኳት።

ቆም አለች። ክፍሉን አየች። ከዚያ ጥግ ወደነበረው ወንበሯ አልተመለሰችም፤ ፊት ለፊት፣ እናቲቱ አጠገብ ያለውን ያዘች። «እዚህ ሆኜ ካልጠበቅኳችሁ ሌላ ዜሮ ትጨምራላችሁ» አለች።

«እሺ ልጆች፤ ተጫኑ!»

ክቧ መዞር ጀመረች። አንዴ ዞረች። የጎብዬው ልጅ ስክሪን ላይ ጥያቄ ወጣ። ከዚያ የዚያች እንባ ያቀረረችው ልጅ። ከዚያ እንደ ሰኔ ጠብታ እዚህም እዚያም፣ ከዚያ ሁሉም። ክፍሉ ጩኸት በጩኸት ሆነ፤ መምህርት አስካለ «ፈተና ላይ ናችሁ!» ብላ ጮኸችና ጸጥ አሰኘቻቸው፤ እሷ ግን ጥርሷን መግጠም አልቻለችም።

እኔ የማየው ራህማን ነው። ማውሱን ያዘች። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ አየሁት፤ እሷም አየችው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀስቱን ቀስ አድርጋ ገፋችውና አንዱ መልስ ላይ ተጫነች። ምንም አልፈነዳም። ወደ ሁለተኛው ሄደች። አጠገቧ ቆሜ ልረዳት ጎንበስ ስል ሳታየኝ «አትቁምብኝ፤ ትጋርደኛለህ» አለችኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተባረርኩበት ቦታ የለም።

መብራቱ የሄደው ሁሉም ጨርሰው፣ አንዳንዶቹም ደግመው ከሠሩ በኋላ ነው። ውጪ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ለስላሳ ስንጠጣ ሸምሱ ደወለ። ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት።

«ስትደውልልኝ ነበር፤ ሰላም ነው?»

«ሸምሱ፤ ስልሳ አራት ምን?»

«ምን ስልሳ አራት?»

«መጠባበቂያው!»

«ሺህ ነዋ! ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ቆይ... ስልሳ አራት ብቻ ጻፍኩ እንዳትለኝ። ወላሂ ጀማል፣ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ኪሮስ ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይህ የሳቅ ታሪክ ብቻ መስሏችሁ እንዳታልፉት፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ቤት ገብቼ ልጽፈው ተቀመጥኩ። እንደ ልማዴ ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላሁት። አነበብኩት። ማንም ሊገባበትም ሊወጣበትም አይችልም። በሩ ጋ እንኳ ሰው ጭኜበታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንኝ ለመጨመር ሳይሆን ለማውረድ እስክሪብቶ አነሳሁ። ወረቀቱ ላይ ነጭ ቦታ ሲታይ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ለመድኩት። ኪሮስ አይቶት «ይኼስ ግጥም ይመስላል» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሕይወቴም እንደዚያው ነበር። አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ፣ ግመል፤ ሁሉም ሰዓቴ የሆነ ዕቅድ የተጫነበት ነበር። እህቴ ለስንት ወር ያን ፍርሃት ይዛ ስትዞር እኔ አጠገቧ ሆኜ ያልሰማሁት ክፉ ሆኜ አይደለም፤ የምትገባበት ቦታ ስላልነበረኝ ነው። አሁንም ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ተቅበጥባጭ ነኝ። ግን ከቀኔ ውስጥ ለማንም ዕቅድ የማልሰጣት አንድ ቁራጭ ሰዓት አለችኝ። ብዙ ጊዜ ባዶዋን ታልፋለች። ብክነት አይመስለኝም። እናንተም ብትሞክሯት ትወዷታላችሁ፤ ግን መጠኗን ስትወስኑ ዜሮውን ቁጠሩ።

ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍሉን እንድናስተምርበት ጠየቀን፤ እሺ አልን። አሥራ አንደኛ ክፍል ያቋረጥኩትንም በማታ ጀመርኩ። የደላላውን ነገር ራህማ ራሷ ጨረሰችው፤ ሲደውልላት አጠገቧ ነበርኩ፤ «ወንድሜ፣ ሥራ ይዣለሁ» ብላ ዘጋችው። ምን ሥራ እንደያዘች አልነገረችውም።

ከፈተናው የተመለሰች ቀን አውቶቡስ ማቆሚያ ሄጄ ተቀበልኳት። ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ገና ከበሩ ሳትወርድ እያወራች ነው። ስለ ምግቡ፣ አብራት ስላደረችው የደሴ ልጅ፣ ስለ አንድ የፊዚክስ ጥያቄ። ቦርሳዋን ተቀብያት በአቧራው መሃል ስንሄድ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፤ ሳታነሳው ስትቀር አላስቻለኝም።

«ማሽኑስ?» አልኳት።

«የምን ማሽን?» አለችኝና ወደ ፊዚክሱ ተመለሰች።